የሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ድምፅ

በዚያ ፍርድ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች አራት ዓመት ሙሉ ሰላም ሳይባባሉ ኖረዋል። አንዷ የችሎት ድምፅ የምትቀዳውና ቅጂውን የምትጠብቀው ሴት ናት፤ ከኋላዋ «እሜቴ ቁልፍ» ይሏታል። ሌላው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ሬጅስትራሩ ነው። እሱን ፊት ለፊትም ከኋላም «ሬጅስትራሩ» ነው የሚሉት፤ ቅጽል ስም የሚያወጣለት ወዳጅ እንኳ አላገኘም። የሁለቱ ቢሮ በር ለበር ነው። ጠዋት ጠዋት እኩል ይከፍታሉ፣ እኩል ይገላመጣሉ፣ እኩል ይገባሉ። ከመጣላታቸው በፊት «አንተ» እና «አንቺ» ይባባሉ ነበር። ከተጣሉ ወዲህ «እርስዎ» ገባ፤ ይህቺ «እርስዎ» ደግሞ ከስድብ ትብሳለች።

የጠባቸው መነሻ ኢሜይል ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። አንድ የችሎት ቅጂ ምስልና ድምፁ አንድ ላይ ሲሆን ሁለት ሦስት ጊጋ ይመዝናል። ኢሜይል ያን የሚያህል አባሪ አይሸከምም፤ ወዲያው ይመልሰዋል። ስለዚህ ድሮ ቅጂው ፍላሽ ላይ ይደረግና በፖስታ ታሽጎ በመልእክተኛ ይላክ ነበር። አንዱ ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ቀረ፤ እስከ ዛሬ በማን ኪስ እንዳለ አይታወቅም። ሌላው ቫይረስ ይዞ ተመልሶ የሦስት ቢሮ ኮምፒውተር ገደለ። ያኔ ሬጅስትራሩ መላ አመጣሁ አለ። ለይግባኝ የተጠየቀ የአንድ ክርክር ድምፅ አስራ አንድ ቦታ አስቆረጠና በአስራ አንድ ኢሜይል ላከው። አስሩ ደረሱ። ሰባተኛውን ውሃ በላው። ተከሳሹ «አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት» ያለው ደግሞ ሰባተኛው ላይ ነበር።

መዝገቡ ከይግባኝ ተመልሶ መጣ። እሜቴ ቁልፍ ይህን ጉዳይ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ፣ በሠላሳ ሰው ፊት አነሳችው። «ሰባተኛውን የበላ ሰው ካለ ይትፋው» አለች፤ ስትናገርም ወደ ማን እንደምታይ ለመደበቅ አልሞከረችም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሬጅስትራሩ አልሳቀም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ራሷ ጠቅልላ ያዘችው። የሁለት ቀን ሥልጠና ወሰደች፣ ቀሪውን እያበላሸች ተማረችው። ቅጂውን ያለ ይለፍ ቃል የማይከፈት ጥቅል ታደርገዋለች። ጥቅሉን ፍርድ ቤቱ በተከራየው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ትጭነዋለች። ከዚያ ለሚቀበለው ሰው፣ ለዚያ ሰው ብቻ የሚከፈት ሊንክ ትልክለታለች፤ ሊንኩ በሦስተኛው ቀን ይሞታል። ይለፍ ቃሉን ግን ሞታ ትገኛለች እንጂ አትጽፈውም። ድምፁን ለምታውቀው ሰው፣ በስልክ፣ በአፏ ትነግረዋለች። ይለፍ ቃል ወረቀት ላይ የጻፈ ሠራተኛ ካገኘች ወረቀቱን ነጥቃ ትቦጫጭቀዋለች። አንዷን ጸሐፊ በዚህ ነገር አስለቅሳታለች፤ ይቅርታም አልጠየቀቻትም። ቅጽል ስሙ የወጣላት ያን ጊዜ ነው።

ቤቷ ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ሰማንያን አልፈዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል። «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ?» ለማለት ከሦስት ቤት ወዲያ የሚሰማ ድምፅ ያስፈልጋል። አስራ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትጮህ ኖራ ድምጿ እላይ ወጥቶ ቀርቷል፤ እሷ ግን አታውቀውም። ሱቅ ሄዳ ሳሙና ስትጠይቅ አላፊ አግዳሚው የተጣላች ይመስለዋል። አንዳንዴም ተጣልታ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የአንድ ሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ተቃጠለ። ሁለት ዘበኞች እሳቱ ውስጥ ቀሩ። ባለቤቱ የኤሌክትሪክ ነገር ነው አለ፤ ዓቃቤ ሕግ ራሱ ነው ያስለኮሰው አለ። ያየች አንዲት ሴት ነበረች፤ እዚያው ፋብሪካ ሳሙና የምታሽግ፣ ብቻዋን አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር። ዳኛው በዝግ ችሎት እንድትመሰክር ፈቀዱላት። ስሟ በቁጥር ተተካ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀመጠች፣ ባለቤቱ ከአዳራሹ እንዲወጣ ተደረገ። የባለቤቱ ጠበቃ ድምጿን ሰምቷል፤ ግን ሳሙና አሽጎ ስለማያውቅ ድምፁ የማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተናገረች። ማን ጀሪካን እንደያዘ፣ ማን በሩን ከውጭ እንደቆለፈ፣ ዘበኞቹ ስንት ጊዜ እንደተጣሩ ተናገረች።

ሲያበቃ ወደ ቀረጻው ጠረጴዛ መጣች።

«እትዬ፣ ይሄ ድምፅ አሁን የት ነው የሚቀመጠው?»

«እኔ ጋ።»

«የፋብሪካው ሰው ‹ደህና ዋላችሁ› ስል ቢሰማኝ እንኳ ያውቀኛል። አስራ አራት ዓመት ነው አብረን የሠራነው።»

«እኔ የቆለፍኩትን ማንም አይሰማውም» አለቻት እሜቴ ቁልፍ። «እኔ እያለሁ አትስጊ።»

በኩራት ነበር ያለችው። ሴትዮዋም አመነቻት፤ ሌላ የምታምነው ሰው አልነበራትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳኛው የዚያ ምስክርነት ጽሑፍ በአስቸኳይ ይድረሰኝ አሉ። የፍርድ ቤቱ ገልባጭ ወልዳ ተኝታ ስለነበር ሥራው ሌላ ከተማ ላለች ገልባጭ ተሰጠ። ድምፁን እየሰማች ወደ ጽሑፍ የምትመልሰው እሷ ናት። ሰኞ ጠዋት እሜቴ ቁልፍ ቅጂውን ቆለፈች፣ ጫነች፣ ሊንኩን ለገልባጯ ላከች። ገልባጯ ግን በእህቷ ኢሜይል ልትገባ ሞክራ ሊንኩ እምቢ አላት። ስህተቷን ለእሜቴ ቁልፍ መንገር ፈራችና ለሬጅስትራሩ ደወለች። ማንም ቢሆን እሜቴ ቁልፍን ይፈራ ነበር፤ ይህ ደግሞ የራሷ ሥራ ነው።

ሬጅስትራሩ አራት ዓመት የጠበቃት ቀን መጣችለት። ማከማቻውን የማዘዝ ሥልጣን አለው። ለአንድ ሰው ብቻ ይከፈት የነበረውን ሊንክ ላገኘው ሁሉ እንዲከፈት አደረገና አርባ ሦስት ሰው ያለበት የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ከእንግዲህ ሥራ በአንድ ሰው ቁልፍ አይቆምም።» ሰባት ሰው የአውራ ጣት ምልክት ሰጠው።

እሜቴ ቁልፍ ይህን ስልኳ ላይ ስታይ ደሟ ፈላ። በሩን ሳታንኳኳ ገባችበት።

«እርስዎ ይሄን ምን ብለው ነው የለጠፉት?»

«ሥራ ብዬ» አለ ከወንበሩ ሳይነሳ።

«የዝግ ችሎት ቅጂ? አርባ ሦስት ሰው ያለበት ላይ?»

«ተቆልፏል አይደል እንዴ? እኔ የቆለፍኩትን ማንም አይከፍተውም ሲሉ ከርመው የለ። ወይስ ቁልፍዎ ለወሬ ነው?»

«አሁኑኑ ያውርዱት።»

«ሻዬን ጠጥቼ።»

እንዳትከራከረው በገዛ ራሷ አፍ አስሯታል። በሩን ወርውራው ወጣች፤ መስታወቱ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ ብለው የሚያጋንኑ አሉ። ሬጅስትራሩ ሊንኩን ያነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከአርባ ሦስቱ አንዱ ለማን አሳልፎ እንደሰጠው የሚያውቀው ራሱ ነው።

እሷ ግን ያን ሁሉ ቁጣ ይዛ አንድ ሥራ ይቀራት ነበር። ገልባጯ ይለፍ ቃሉን እየጠበቀች ነው። የቀረጻው ክፍል ድምፅ እንዳያስገባ ተብሎ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ኔትወርክ የለውም። በዚያ ፎቅ ስልክ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ መስኮቱ ሥር። ባለጉዳዮች ተራ የሚጠብቁበት ረጅም አግዳሚ ወንበር ደግሞ እዚያው ነው። ሁልጊዜም የምትደውለው ከዚያ ነው። የመዝገቡን ስም አልጠራችም፤ እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ እሷ አትረሳም።

«አልሰማሁሽም እቴ፣ ይቆራረጣል» አለች ገልባጯ።

«ትልቁ ኬ» አለች እሜቴ ቁልፍ። «ሰባት። መሰላል የምትመስለዋ ምልክት። መሰላል፣ መሰላል። ትንሹ ኤም፣ እንደገና ትንሹ ኤም። ዘጠኝ። ኮከብ።»

«ከመሰላሏ በኋላ ምን አልሽኝ?»

ከመጀመሪያው ጀመረችላት። ሦስት ጊዜ አለችው፤ በሦስተኛው እናቷን የምታናግር ያህል ጮኸች። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች ተሳሳቁ። እሷ አልሰማቻቸውም፤ ልቧ ሬጅስትራሩ ጋ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን በፋብሪካው ግቢ፣ በምሳ ሰዓት፣ የምስክሯ ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ ይሰማ ጀመር። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ነው ያወቋት። በማግስቱ የፋብሪካው በር ላይ አትገቢም ተባለች። ክፍሉን ያከራያት ሰው የባለቤቱ የአጎት ልጅ ነበረ፤ አልጋዋን ከነፍራሹ አውጥቶ መንገድ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም የሥራ ባልደረባዋ ስልኳን አላነሳም። ታናሽ እህቷ ቤት ገባች፤ የእህቷ ባል ፊቱን አጥቁሮ ተቀበላት።

ፍርድ ቤቱ ሦስት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሬጅስትራሩ ቀርቦ አልካደም።

«ሊንኩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ግን ጥቅሉ ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም። ይለፍ ቃሉ ከእሳቸው ነው የወጣው።»

«ለማን ነገሩ?» አሏት።

«ለገልባጯ ብቻ። በአፌ፣ በስልክ። ወረቀት ላይ አልጻፍኩም፣ ለማንም አልላኩም።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ገልባጯም ለማንም አልተናገርኩም ብላ ማለች፤ እሷም እውነቷን ነው። ባለሙያ ተብሎ የተጠራው ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ቁልፉ ተሰብሮ ይሆናል አለ። ኮሚቴው ውሳኔውን ለሰኞ ቀጠረ።

ሐሙስ ዕለት እሜቴ ቁልፍ ለመደወል ወደ መታጠፊያው ወጣች። የፎቁ ጥበቃ እዚያው ቆሟል፤ ከእሷ ጋር መቀለድ ከማይፈሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ መሰላልና ኮከብ የለም እንዴ?» አላት።

«ምን አልክ?»

«ያን ሰኞ እንደጮሁት ነዋ። ሰው ሁሉ ሲስቅ ነበር። አንዱማ መዳፉ ላይ ሲጽፈው አይቼ፣ ሎተሪ ሊቆርጥበት ነው ብዬ ዝም አልኩት።»

«ማነው እሱ?»

«ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ሲቀመጥ ነበር፤ ምን ጉዳይ እንዳለው እንጃለት። የሚመጣው በዚያ በሳሙና ፋብሪካው መኪና ነው።»

ስልኩን ሳትደውልበት ኪሷ ከተተችው። እነዚያ ሰዎች የምስክሯን ማንነት ሲያነፈንፉ ሰው አስቀምጠው ነበር ማለት ነው። ሊንኩ ከግሩፑ ደረሰው፤ ይለፍ ቃል ሲጠይቀው ደግሞ የቀረጻ ክፍሉ ሴትዮ ራሷ መጥታ ራሱ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችለት።

የኮሚቴው ቢሮ ከዚያ አስራ ሁለት እርምጃ ነው። መንገዷ በሬጅስትራሩ በር በኩል ያልፋል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የመከላከያ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ይጽፋል። ላብ አጥምቆታል። እሷ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ጥፋቱ የሱ ይብሳል አለች ለራሷ፤ መንገድ ላይ ያሰጣው እሱ ነው። ግማሹ እውነት ነበር፤ አፏን የዘጋላትም ያ ግማሽ ነው። አሳፋሪ ነገር ነው፣ አድርጋዋለች።

ሰኞ ሬጅስትራሩ ከቦታው ተነስቶ የሩቅ ወረዳ መዝገብ ቤት ተመደበ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ በሯ ላይ ቆመ።

«ደስ አለዎት?»

«መንገድ ይቅናዎት» አለችው ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታነሳ።

ደስ ብሏታል። ለእናቷ ኬክ ገዝታ ገባች። እናቷ ምን ተገኘ ቢሏት፣ «ሬጅስትራሩ ተነሳ እማዬ» አለች፤ ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። ኬኩን ግን እሷ አልበላችውም። አንድ ጉርሻ ወስዳ ሳህኑን ወደ እናቷ ገፋችው።

በሳምንቱ ምስክሯ መጣች። ከስታለች፤ ሻርፗን እስከ አገጯ አስራዋለች። ወንበር ሲሰጧትም አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ አመሰግንዎታለሁ ልል ነው የመጣሁት። ሰውየው መነሳቱን ሰማሁ። ለኔ ብለው ከአለቃ ጋር የተጣሉት እርስዎ ብቻ ነዎት አሉኝ። አንድ ሰው እንኳ አለኝ ብዬ…»

እሜቴ ቁልፍ አመሰግናለሁ ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ልትል አፏን ከፈተች። የሴትዮዋ ዓይን ግን አላስቻላትም።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ቁልፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሜ፣ በስልክ፣ ጮክ ብዬ። የፋብሪካው ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጻፈው። እኔ እያለሁ አትስጊ ያልኩሽ እኔ።»

ምስክሯ አሁን ተቀመጠች።

«ይሄን ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። አልነገርኳቸውም።»

«ለምን?»

«ሰውየውን ጠልቼው» አለች እሜቴ ቁልፍ። ይህን ያለችው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ከመሳቢያዋ ወረቀት አውጥታ ለኮሚቴው መጻፍ ጀመረች። ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ ሬጅስትራሩ ብቻውን ጥፋተኛ እንዳልሆነ ጻፈች፤ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋ ሁለት ጊዜ ቆመ። «በዕለቱ በአግዳሚው ላይ የነበሩ» የሚለው ጋ ስትደርስ ምስክሯ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ጫፉ ላይ ያዘችው።

«እኔንም ይጻፉኝ» አለች።

«የት?»

«አግዳሚው ላይ። በስሜ ይጻፉኝ፣ ከእንግዲህ ቁጥር ምን ያደርግልኛል። ያን የደወሉበት ሰኞ የፍርዱን ቀን ልጠይቅ መጥቼ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። የፋብሪካውን ባለሹራብ ሳየው ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እርስዎ ሲጮሁ ሰማሁ። እሱ ሲጽፍም በዓይኔ ጥግ አየሁት። ተነስቼ ኧረ ይተዉ እትዬ፣ ሰው እየሰማዎት ነው ልልዎት አስቤ፣ ብነሳ ያየኛል ብዬ ፈራሁ።»

እሜቴ ቁልፍ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች።

«ደግሞም የኔ መሆኑን በምን ልወቅ» አለች ምስክሯ። «የኔማ እርስዎ ጋ ነው ብዬ፤ የሌላ ሰው መስሎኝ ነው። የማን ምስኪን ይሆን ብዬ አዘንኩለት።»